በከተማው ዳር መሬት ላላችሁና ለሚመለከተው መስሪያ ቤት፦ የምኖርበትና የምንከባከበው ቦታ እፈልጋለሁ

ለአዲስ አበባ ከተማ አርሶ አደርና ከተማ ግብርና ልማት ኮሚሽን፣ በሸገር ከተማ ግብርና ላይ ለምትሰሩ፣ ከሁሉም በላይ ደሞ በለገጣፎ፣ በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል አርሳችሁ የምትበሉበት ወይ አጥራችሁ ያስቀመጣችሁት መሬት ላላችሁ በሙሉ፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ነው። ስራዬ ቅጠላ ቅጠል ማብቀል ነው፣ በቢሮ ቋንቋ መዓዛማና መድኃኒት ተክሎች ይባላሉ፣ ሰው ግን በየስማቸው ነው የሚጠራቸው፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጦስኝ፣ ዳማከሴ፣ ናና፣ ጠጅ ሳር፣ የጥብስ ቅጠል። ከ2009 ዓ.ም ጀምሮ በዚህ ነው የምተዳደረው፣ ሌላ ገቢ የለኝም። የድሮ ሰፈራችን ፈርሶ ወደዚህ ስንመጣ እናቴ እቃው ሁሉ መኪና ላይ ተጭኖ እሷ በእጇ የያዘችው ከግቢዋ የነቀለችውን አንድ ጤና አዳም ነበር፣ በኒዶ ጣሳ አድርጋ። አሁን በረንዳው ላይ፣ ደረጃው ስር፣ ከብሎኩ ጀርባ ባለችው የጋራ ቦታ ላይ ያሉት ጤና አዳሞች ሁሉ ከሷ የወጡ ናቸው።

ጉዳዬን ሳላስረዝም ልናገር። መሬት እፈልጋለሁ፣ የምኖርበትና የምንከባከበው መሬት። ግዢ አይደለም የምጠይቀው፣ ካርታ በስሜ አውጡልኝም አላልኩም፣ ረጅም ጊዜ ተቀምጬ የምሰራበት እና እዛው የማድርበት ቦታ ነው። ለምን እንዲህ ብዬ እንደምጠይቅ እስኪ ላስረዳ፣ ትንሽ ይረዝማል ግን እባካችሁ አንብቡልኝ።

በኮንዶሚኒየም ቅጠል ማብቀል ይቻላል፣ እኔ ምስክር ነኝ። የቀለም ባልዲ፣ የመኪና ጎማ፣ ከወገቡ የተቆረጠ ሀይላንድ፣ ጀሪካን፣ ምን ያልተከልኩበት እቃ አለ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ስለሆነ ተነስቼ እቀዳለሁ፣ ሮቶ የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም። ጎረቤቶቼ እግዜር ይስጣቸው ታግሰውኛል፣ ደረጃው ስር ያሉትን ችግኞች ልጆቹ ራሳቸው ውሃ ያጠጡልኛል። በየጠዋቱ ጀበና ቡና የሚያፈሉ ሴቶች ጤና አዳም በእስር ይወስዳሉ፣ ለበዓል ቅቤ ሲነጠር ኮሰረትና በሶብላ፣ በርበሬ ሲዘጋጅ ደግሞ በሶብላ ከነዛላው፣ ልጅ ምች ሲመታው እናት ማታ በሬን አንኳኩታ ዳማከሴ ትጠይቃለች፣ ለሱ ገንዘብ ተቀብዬ አላውቅም። ደርቆ የሚሸጠውን አልጋዬ ስር እና ቁምሳጥን ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ነው የማደርቀው፣ አምስት ኪሎ እርጥብ ናና ሲደርቅ አንድ ኪሎ አይሞላልኝም፣ በክረምት ደሞ ቤቱ ስለሚረጥብ ሻግቶ የጣልኩት ጊዜ ብዙ ነው። ሰው ይፈልጋል፣ እኔ ግን የለኝም፣ የምመልሰው ሰው ከምሸጥለት በልጧል።

ባለፈው መስከረም አንዱን የጥብስ ቅጠል ከባልዲው አወጣሁት፣ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ላዩ ሲታይ አረንጓዴ ነው ግን ዕድገት አቁሟል። ባልዲውን ገልብጬ በመዳፌ መታ መታ ሳደርገው የባልዲውን ቅርጽ እንደያዘ ወጣ፣ አፈር የሚባል ነገር አይታይም፣ ስሩ ዙሪያውን እየተጠመጠመ ተጠምጥሞ እንደ ገመድ ጥቅል ሆኗል፣ ከስር ያለው ጠቁሮ ሞቷል፣ ነጭ ሆኖ በህይወት ያለው ከዳር የሚዞረው ቀጭኑ ብቻ ነው። በጣቴ ልፈታው ስሞክር ይበጠሳል። ይሄ ተክል መሬት ላይ ቢሆን ኖሮ በስድስት ዓመቱ ወገቤ ይደርስ ነበር፣ ከአንዱ ብቻ በዓመት ስንት ቁራጭ ይወጣ ነበር። በሶብላ ሌላ ነገር ነው፣ ዘርተህ በወራት ትጨርሰዋለህ። የጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝ፣ ኮሰረት፣ ጤና አዳም ግን ከዓመት ዓመት የሚኖሩ ናቸው፣ የሚከፍሉህ ከቆየህላቸው ነው። መሬቱን ለአንድ ዓመት ወይ ለሁለት ዓመት ብቻ የሚሰጡኝ ሰዎች በሶብላና ሰላጣ ብቻ ትከዪ እንዳሉኝ ነው የምቆጥረው።

ይሄንንም ሞክሬ ስላየሁት ነው የምለው። ከአምስት ዓመት በፊት በደቡብ በኩል ከከተማው ወጣ ብሎ 600 ካሬ ሜትር ተከራይቼ ነበር፣ ያለ ጽሁፍ፣ በቃል። አፈሩ ጥቁር ነው፣ መረሬ። ስገባ ሚያዝያ ነበር፣ መሬቱ እግር እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል፣ ጥቁር አፈር ለም ነው ሲባል የሰማሁትን ይዤ ሰኔ ላይ 200 የጥብስ ቅጠል ችግኝ ደረደርኩበት። ነሐሴ ላይ ሄጄ ሳይ ውሃው ተኝቷል፣ ችግኙ ከታች ጀምሮ ቡናማ ሆኗል፣ ስነቅለው ስሩ ይሸታል። ከ200ው 60 አልተረፈም። እዛው አጠገብ አንድ ግቢ የሚጠብቁ አባት ነበሩ፣ ግቢው የተሰራው በፊት እሳቸው ያርሱት በነበረው ማሳ ላይ ነው፣ ካሳው አልቆ በገዛ መሬታቸው ላይ ዘበኛ ሆነው ተቀጥረዋል። አጥሩ ላይ ተደግፈው ያዩኝ ነበር። አንድ ቀን ጠሩኝና "ልጄ፣ መረሬ ውሃ ከጠጣ አይተፋም፣ አንቺ ነሽ የምታወጪለት" አሉኝ። ከዛ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ መደብ ከፍ አድርጎ መስራት፣ ቦዩ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ መሬቱ በጣም ሳይረጥብም በጣም ሳይደርቅም በየትኛው ሳምንት እንደሚቆፈር አሳዩኝ፣ እቺ ሳምንት ካለፈች ዶማ አይገባውም። ግራዋን ኤቢቻ፣ ወይራን ኤጀርሳ እያሉ በኦሮምኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ገለባና የላም እበት ከጎረቤት እየለመንኩ ኮምፖስት ሰራሁ፣ ሁለተኛው ክረምት ላይ ከተከልኩት የሞተብኝ ከአስር አይበልጥም፣ ጥቅምት ላይ ማሳው ውስጥ ስትገቡ ጉልበታችሁን የሚነካው ሁሉ ይሸታል፣ ንብ ነበረ።

ጥር ላይ ባለይዞታው ደወለልኝ፣ ለሌላ ሰው ሰጥቸዋለሁ፣ በሶስት ሳምንት ልቀቂ አለኝ። አልቀየምኩትም፣ ልጅ የሚያስተምር ሰው ነው፣ እንዳትለቅ የሚያደርግ ውልም አልነበረንም። ግን ጥር የሚነቀልበት ወር አይደለም። ከወንድሜ ጋር በአይሱዙ ማታ ማታ ጫንን፣ ቀን ላይ ፀሐዩ ስለሚገድላቸው፣ በማዳበሪያ ከረጢት ስራቸውን ጠቅልለን። የሚበዛው ሞተብኝ። የተውኩት ግን አፈሩን ነው፣ ሁለት ዓመት የደከምኩበትን አፈር፣ በከረጢት አይወጣማ። በማግስቱ ዶዘር ገባበት።

ስለዚህ ነው ጊዜ ስጡኝ የምለው። ከአንድ ዓመት ኮንትራት በላይ የማያይ ሰው ኮምፖስት አይሰራም፣ ለምን ይሰራል፣ ዩሪያ በትኖ ያለውን አውጥቶ ይሄዳል፣ እኔም እንደዛ ባደርግ ኖሮ ባልከሰርኩ ነበር። ከተማው ዳር ያለው መሬት እንዲህ በየዓመቱ እጅ እየቀያየረ ነው የሚደክመው፣ ተከራይ ያሟጥጠዋል፣ ባለቤቱ ለግንባታ እየጠበቀ ነው፣ አፈሩን የኔ ነው ብሎ የሚያየው ሰው መሀል ላይ ይጠፋል። እኔ ያንን ሰው መሆን ነው የምፈልገው።

እዛው ልኑር የምለው ደሞ ለምን መሰላችሁ፣ ቅጠል ርቀት አይወድም። ችግኝ ጣቢያ ጠዋትና ማታ ውሃ ይፈልጋል፣ የሚቆረጠው ጤዛው ከረገፈ በኋላ ፀሐይ ሳይበረታ ነው፣ ያቺ ሰዓት ካለፈች ሽታው ይቀንሳል። ከየካ አባዶ ተነስቼ ሶስት ታክሲ ይዤ እስክደርስ አምስት ሰዓት ይሆናል። ህዳርና ታህሳስ ላይ በሱሉልታ በኩል ውርጭ ይወርዳል፣ በሶብላ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል፣ ማታ ሰማዩን አይቶ የሚያለብሰው ሰው እዛው ያለ ብቻ ነው። ጃርት አለ፣ ልቅ ከብት አለ። እንጂ የግቢ ጌታ ልሁን ብዬ አይደለም።

ህጉንም አላጣሁትም። በህገ መንግስቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። የእርሻ መሬት ላይ ቤት መስራት እንደማይፈቀድም አውቃለሁ፣ ጨረቃ ቤት ልሰራ አልመጣም፣ ብሎኬት ድንጋይ አላቆምም። የሚበቃኝ አንድ ክፍል ነው፣ ያለች የጭቃ ቤት፣ ያረጀች የእቃ ቤት፣ ወይም ሲነሳ ተነቅሎ የሚሄድ ቆርቆሮ። ግቢ አጥራችሁ በደሞዝ የምታስጠብቁ አላችሁ፣ እኔ ስኖርበት የሚጠበቅ መሬት ይሆናል። ዘበኛውን አስወጡልኝ ማለቴ ግን አይደለም፣ ያሉት ሰውዬ ይቆዩ፣ አብረን እንሰራለን፣ ከላይ የነገርኳችሁ አባት ያስተማሩኝን የሚያህል በየትም አልተማርኩም።

አሁን ለቢሮዎቹ። ስለሄድኩበት መስሪያ ቤት ስም መጥራት አልፈልግም፣ መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ በትህትና ነው ያስተናገደችኝ። ግን ተደራጅታችሁ ኑ ተባልኩ፣ ፎርሙ ላይ ያለው ደግሞ ዶሮ፣ ወተት ላም፣ ንብ፣ አትክልት ነው። ቅጠላ ቅጠል የሚል ቦታ ስላጣሁ አትክልት ላይ ምልክት አደረግኩ፣ ከዛ ስንት ካሬ ጎመን እንደምተክል ተጠየቅኩ። የሌማት ትሩፋት በ2015 ሲጀመር እንቁላሉም ወተቱም ማሩም ወደ ቤታችን ይግባ ተብሎ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን ቅቤው ያለ ኮሰረት፣ ወጡ ያለ በሶብላ፣ ቡናው ያለ ጤና አዳም በየትኛው ቤት ነው የሚቀርበው? ማሩ ራሱ አበባ ይፈልጋል። የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው፣ አንደኛው ፎርሙ ላይ አንድ መስመር ጨምሩልን። ሁለተኛው ጊዜው ነው፣ በ2004 ዓ.ም የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለከተማ ግብርና 15 ዓመት ብሎ ነበር የጻፈው፣ 15 ዓመት ለጥብስ ቅጠል ጥሩ እድሜ ነው፣ እኛ ጋ የሚደርሰው ግን በጊዜያዊነት የሚል ወረቀት ነው፣ መቼ ተነሺ እንደምባል ሳላውቅ ዛፍ እንዴት ልትከል። ለግንባታ በቅርብ የማይፈለግ፣ ለወንዝ ዳር ወይም ለአረንጓዴ ቦታ የተተወ መሬት ካለ ለአስርም ለአስራ አምስትም ዓመት በውል አስረክቡኝ፣ በየዓመቱ እየመጣችሁ እዩት፣ ካበላሸሁት ቀሙኝ።

ሌላ የሚያሳስበኝ አለ፣ ምናልባት ከገበያው በላይ። ገበያ ላይ የምታዩት ጦስኝ አብዛኛው ተተክሎ አይደለም የሚመጣው፣ ከደብረ ብርሃን በላይ ካለው ደጋ ከጋራው ተለቅሞ ነው፣ ለቃሚው ቸኩሎ ከነስሩ ሲነቅለው በሚቀጥለው ዓመት እዛ ቦታ የለም። የኛ ጦስኝ ሌላ አገር ብዙም የማይገኝ የራሳችን ዘር ነው፣ ኮሰረትም እንዲሁ። ቀበሪቾ ደሞ ጭራሽ የሚሸጠው ስሩ ስለሆነ አንድ ሰው ቤቱን ባጠነ ቁጥር አንድ ተክል ይሞታል፣ እሱ ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። ወንዶ ገነት ያለው የምርምር ማዕከል በነዚህ ተክሎች ላይ ይሰራል፣ እንጦጦ ጋራ ስር ጉለሌ እጽዋት ማዕከል አለ፣ ስማቸውን እየዞርኩ የተማርኩት እዛ ነው፣ ግን ለሾላ እና ለመርካቶ የሚሆን ቅጠል ከምርምር ጣቢያ አይወጣም፣ አብቃይ ያስፈልጋል። እኔ የማስበው እናት ማሳ ነው፣ ከየዓይነቱ ጤነኛ እናት ተክል የቆመበት፣ ቁራጭ የሚወጣበት፣ ለጎረቤት ገበሬ ችግኝ የሚሰጥበት። ጦስኝ የተከለ ገበሬ ጋራ አይወጣም። ቀበሪቾን ከዘር ማብቀል ሞክሬ እስካሁን አልተሳካልኝም፣ በባልዲ ነው የሞከርኩት፣ መሬት ላይ ደጋግሜ መሞከር እፈልጋለሁ።

የምፈልገው መሬት ሰፊ አይደለም። ሁለት ጥማድ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ አንድም ይበቃል። ቀይ አፈር ቢሆን፣ በሆለታና በመናገሻ በኩል እንዳለው፣ ለጦስኝና ለጥብስ ቅጠል ይስማማል፣ መረሬም ቢሆን አሁን አልፈራውም። ተዳፋት ቢሆን ምንም አይደል፣ አስፋልት አጠገብ መሆን የለበትም፣ መብራት ባይኖር እችላለሁ። ባህር ዛፍ ተቆርጦ ጉቶው የቀረበት ደረቅ መሬትም ቢሆን ንገሩኝ፣ ጊዜ ከሰጣችሁኝ ይመለሳል። የማልደራደርበት ውሃው ነው። ከአቃቂ ወንዝ እየተሳበ የሚጠጣ መሬት አልቀበልም፣ በነጻም ቢሆን። ያ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽ እና የፋብሪካውን ሁሉ ይዞ ነው የሚወርደው፣ በሱ የሚበቅለው ጎመንና ሰላጣ ላይ ከባድ ብረት እንዳለ ተደጋግሞ ተጠንቷል። ቅጠል ደግሞ ታጥቦ ተቀቅሎ አይደለም የሚበላው፣ እንዲሁ ሲኒ ውስጥ ይገባል፣ ለአራስ ይሰጣል፣ ለታመመ ይሰጣል። ጉድጓድ፣ ምንጭ፣ ወይም ከጣራ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃ ይሁን።

ለባለይዞታዎች የማቀርበው እንዲህ ነው። ኪራይ ከሆነ በየዓመቱ መጀመሪያ እከፍላለሁ፣ በእኩል ከሆነም እስማማለሁ፣ የመጀመሪያው ዓመት ግን የሚካፈል ብዙ ነገር አይኖርም፣ አሁኑኑ ማወቅ አለባችሁ። በጽሁፍ እንዋዋል፣ ቀበሌ የሚያውቀው፣ ምስክር ያለበት፣ የወረዳው የመሬት ቢሮ የሚመዘግበው ውል፣ ለናንተም ለኔም ዋስትና ነው። ተክዬ ስለቆየሁ ይዞታ ልጠይቅ አልችልም ብዬ እፈርማለሁ። በመሬት ምክንያት በዚህ ከተማ ዙሪያ ስንት ቤተሰብ እንደተጎዳ እናውቃለን፣ የከተማ ሰው መጥቶ ትንሽ ቦታ ስጡኝ ሲል ገበሬ ቢሰጋ አልፈርድበትም፣ ለዛ ነው ሳልጠየቅ የማነሳው። ዛፍ አልቆርጥም፣ የሚረጭ መርዝ አላስገባም፣ ስወጣ ቦዩም መደቡም እንደተሰራ ይቀራል። ልቀቂ የምትሉኝ ቀን ከመጣ የምጠይቀው አንድ ክረምት ብቻ ነው፣ ጥር ላይ ሳይሆን ሰኔ ላይ እንድነቅል። አብያተ ክርስቲያናትም ሰፊ ግቢ ያላችሁ፣ እሾህ የወረሰው ጥግ ካለ አስቡልኝ፣ በናንተ ግቢ ወይራውና ጽዱ የቆየው የሚጠብቀው ሰው ስላለ ነው።

እናቴ አሁን ደረጃ መውጣት አቅቷታል፣ ከቤት ከወጣች ወራት ሆኗታል። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጤና አዳሙን እየነካካች እጇን ታሸታለች፣ መሬት አገኘሽ ወይ ትለኛለች በየሳምንቱ። እሷንም ይዣት ነው የምመጣው፣ አንድ ክፍል ይበቃናል።

ከጥቅምት ጀምሮ የቆረጥኩት 340 ቁራጭ በትንንሽ ጥቁር ፌስታል ደረጃው ስር ተደርድሯል፣ የጥብስ ቅጠልና ኮሰረት ይበዛል፣ ጦስኙ 40 ነው። እስከ ሰኔ ይቆዩልኛል፣ ከዛ በላይ ፌስታሉ ይጠባቸዋል። ቦታ ያላችሁ ወይም የሚያውቅ የምታውቁ ጻፉልኝ፣ ቅዳሜም እሁድም ለማየት እመጣለሁ፣ ዶማ ይዤ እመጣለሁ፣ አፈሩን አንድ ክንድ ቆፍሬ ልየው ብቻ ፍቀዱልኝ።